ስሕተትን የሚታገሥ ብረት

በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ፣ በሚኤሶ አውድማ ላይ ማሽላ በዱላ ሲወቃ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ልምድ ያለው ሰው ዱላውን በተስማሚው ቦታ ያሳርፈዋል፤ እጁም አይሰማውም። ጀማሪው ግን አንዴ በጫፉ፣ አንዴ ወደ እጁ አስጠግቶ ይመታና መዳፉን ይነዝረዋል። ውድ አንባብያን፣ ይህ ንዝረት ከምን የመጣ ይመስላችኋል?

ምክንያቱ የዱላው ክብደት የተሠራጨበት መንገድ ነው። ውፍረቱ ወጥ የሆነ የ1.5 ሜትር ዱላ አንድ ጫፉ ተይዞ ሲወነጨፍ፣ ከእጅ 1 ሜትር ርቆ፣ ማለትም በርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ቢመታ፣ የተያዘው ጫፍ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይገፋም። ምቱ ከዚያ ነጥብ በራቀ መጠን ግን እጅ የግጭቱ ተካፋይ ይሆናል።

ምቱ የት ላይ ያርፋል የሚለው ጥያቄ ለገና ጨዋታም ሆነ በአዲስ አበባ ጭምር ሲዘወተር ለኖረው ጎልፍ መሠረታዊ ነው። በጎልፍ ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ኳስ በጥቂት ምት ወደ ጉድጓድ መግባት አለባት። «ሃንዲካፕ» የሚባለው ቁጥር ተጫዋቹ ለሜዳው ከተወሰነው የምት ብዛት በላይ ስንት ምት እንደሚያስፈልገው በግምት ያሳያል። ከ10 እስከ 20 ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ተጫዋች ይባላል። ኳሷን ደኅና ይመታል፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ግን አይመታም።

«አይረን» የተባለው ባለ ብረት ራስ ዱላ ኳሷን በእምብርቱ ትክክል ሲመታ ጉልበቱ በሚገባ ይተላለፋል። ምቱ ወደ ጎን ሲያመልጥ ግን የብረቱ ራስ ይጠማዘዛል፤ ኳሷም ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን ታጣለች። ይህን መጠማዘዝ የሚቋቋመውን ባሕርይ ፊዚክስ «ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ» ይለዋል። ለምሳሌ ሁለት የ100 ግራም ብረቶች ከመሐል በ2 ሴንቲሜትር ርቀት፣ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ቢቀመጡና በኋላ ርቀቱ 4 ሴንቲሜትር ቢደረግ፣ ክብደቱ ሳይጨምር መጠማዘዝን የመቋቋም አቅሙ አራት እጥፍ ይሆናል። ርቀቱ በራሱ ይባዛልና ነው።

የኖርዌይ ተወላጁ አሜሪካዊ መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም እ.ኤ.አ. በ1959 ይህንኑ ሐሳብ «ፒንግ» በተባለው የጎልፍ ዱላው ላይ ተጠቀመበት፤ ክብደቱን ከመሐል አንሥቶ ወደ ሁለቱ ዳር ወሰደው። ይኸው ዘዴ በኋላ ወደ አይረኖች ተሻገረ። ጀርባቸው የተቦረቦረ አይረኖች የዚህ ሐሳብ ውጤት ናቸው።

እንግዲህ መካከለኛ ተጫዋች ምን ይምረጥ? በቅድሚያ ጀርባው የተቦረቦረና ዳሩ የከበደ ይሁን። ቀጥሎ የታችኛው ገጹ ሰፋ ያለ ይሁን፤ መሬት ሲነካ በቀላሉ አይሰምጥምና። የክብደቱ እምብርት ዝቅ ያለ ከሆነም ኳሷ በቀላሉ ትነሣለች። በመጨረሻም በዱላው ላይ የተጻፈው ቁጥር አያታልለው። የዛሬዎቹ ብዙ 7 ቁጥር አይረኖች ከቀድሞዎቹ ያነሰ የገጽ ዝንባሌ ስላላቸው ኳሷን የሚያርቁት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁለት ዱላ ሲያወዳድር ዲግሪውን ይጠይቅ።

ትልቁ ስሕተት ግን ዱላን በአንድ ግሩም ምት መምረጥ ነው። ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ኳሷን በጠመኔ ቀብቶ ሃያ ጊዜ መምታትና በብረቱ ገጽ ላይ የቀሩትን ነጥቦች ማየት ይበጃል። ነጥቦቹ በአንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ትንሹና ቀጭኑ አይረን ይበቃል፤ ከተበታተኑ ግን ታጋሹ ይሻላል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካደሉ ደግሞ በቅድሚያ መስተካከል ያለበት አቋቋሙ ነው። ብረት ስሕተትን ይቀንሳል እንጂ አያርምም፤ ዱላው በተሳሳተ አቅጣጫ ከተወነጨፈ ኳሷም አቅጣጫዋን ትስታለች።

ይህን ለመረዳት የጎልፍ ሜዳ አያስፈልግም። አንድ ቀጥ ያለ ዱላ በጫፉ ላላ አድርጋችሁ ያዙና ጓደኛችሁ በየቦታው በቀስታ መታ መታ ያድርገው። እጃችሁ ጸጥ የሚልበትን ቦታ ምልክት አድርጉበትና ርዝመቱን ለኩ። የሚኤሶ ገበሬ ያለ ቀመር በእጁ የሚያውቀውን ነጥብ እናንተ በማስመሪያ ታገኙታላችሁ።