ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት ለኤሌክትሪክ መኪና ይጠቅማል?

አጎቴ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ፤ የድሮ ልማዳቸው ግን አብሮ ገባ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ማርሹን አውጥተው ፎሌ ያደርጉታል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነዳጅ የለውም» ብላቸው «አንተ ልጅ፣ ቁልቁለት በነፃ ነው፤ ዝም በል» አሉኝ። መንገዱን ሳንጋምስ የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ይህችን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ሽታ ነው።

እስቲ እናስላው። 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ከፍታ ወረደ እንበል። 1,700 × 9.8 × 400 ሲባዛ ወደ 6.7 ሚሊዮን ጁል ይመጣል፤ ይህም 1.85 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በፎሌ ከሆነ፣ የጎማና የአየር ግጭት ከሚወስደው በስተቀር ሁሉም ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ማርሹ ዲ ላይ ሆኖ እግራችንን ከፔዳሉ ስናነሳ ግን ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ጄኔሬተር ይሆናል። የሚመነጨው ኮረንት በኢንቨርተሩ በኩል አልፎ ባትሪው ውስጥ ይገባል፤ ጄኔሬተሩን ማዞር ጉልበት ስለሚጠይቅ ደግሞ መኪናው ይያዛል። ሪጀኔሬቲቭ ብሬኪንግ የሚባለው ይኸው ነው። በማግስቱ ለምኛቸው በዲ ወረድን። የባትሪው ቁጥር ከ61 ወደ 63 ከፍ አለ፤ ሽታም የለም። አጎቴ ቁጥሩን ሁለቴ አዩት።

ሜዳ ላይ ግን እውነቱ ወደ እሳቸው ያደላል። ያው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ጉልበት 66 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ወደ ባትሪ ሲገባ 80 በመቶ፣ ተመልሶ ሲወጣም 80 በመቶ ቢተርፍ እንኳ ጎማው ጋ የሚደርሰው 64 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀይ መብራት ከሩቅ ከታየ፣ ፔዳሉን በስሱ ይዞ የኃይል መለኪያው ዜሮ ላይ እንዲቆም ማድረግና መኪናውን በራሱ ግፊት መልቀቅ ይሻላል። ለዚህ ፎሌ አያስፈልግም፤ እግር ይበቃል። ቻርጅ እያደረጉ መያዝ የሚያዋጣው መቀነስ ግድ ሲሆን ነው። (መኪናው ሊቆም ሲል የሞተሩ መያዝ ስለሚደክም የመጨረሻዋን ሥራ የሚሠራው ያው የተለመደው ፍሬን ነው።)

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሞልቶ ያደረ ባትሪ ኮረንት የሚያስገባበት ቦታ የለውም። የአጎቴ ቤት ደግሞ ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ ጠዋት 100 ሞልተው ሲወርዱ ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራው ተመልሶ ሸራው ላይ ይወድቃል። «ጋሼ፣ 90 ላይ ይንቀሉት» እላቸዋለሁ። «ሳይሞላ ልቤ አያርፍም» ይሉኛል።