ካርድ ክፍል ያልደረሱ ልቦች

ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው ልቡን ሲታመም የሚላክባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፤ ከሐይቁ በስተሰሜን ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። የአካባቢው የልብና የደም ሥር ጥናት በአብዛኛው የሚቀዳው ከሁለት ምንጭ ነው፦ ከካርድ ክፍል መዛግብት፣ አለዚያም ቤት ለቤት እየዞሩ ከሚወስዱት የደም ግፊት ልኬት። ሁለቱም ጠቅመዋል፤ ጉድለታቸው ግን አንድ ነው። ታማሚውን አንድ ጊዜ አይተው ይሰናበቱታል። ካርድ የሚቆጥረው የደረሰውን ብቻ ነው፤ ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ ሐኪም ፊት ያልቀረበው ልጅ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ለዚህ አካባቢ የሚያሻው ሌላ የአንድ ቀን ቆጠራ ሳይሆን ሰውን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ነው የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ከልጆቹ እንጀምር። የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው ልብ ሳይሆን ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያቆስል፣ ሰውነት ሊከላከል ያሰለፈው ኃይል ስቶ የልብን በሮች ይወጋል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር በሩ ይጠብባል ወይም ያፈሳል። በአማራ ክልል ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ ከመድረሱ በፊት እንጥል ቆራጭ ወይም ቶንሲል ቧጣጭ ዘንድ የሚወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የበሽታው የመጀመሪያ ምዕራፍ ከካርዱ ውጭ ያልፋል። መሣሪያውም ቁጥሩን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት የአዲስ አበባ ተማሪዎች በማዳመጫ ሲመረመሩ ሕመሙ የተገኘው ከ1,000 በ6.4ቱ ላይ ነበር። በ2015 በታተመ ጥናት በጅማ ተማሪዎች ላይ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ ግን 30.5 ሆነ። ከተሞቹም ዘመኑም ይለያያሉና ልዩነቱን ሁሉ ለመሣሪያው አልሰጥም፤ ቢሆንም ጆሮ የማይሰማውን ኢኮ እንደሚያይ አያጠያይቅም። ኢትዮጵያ የተሳተፈችበት የ14 አገሮች መዝገብ (ሬሜዲ) ደግሞ 3,343 ታማሚዎችን ይዞ ነበር። መካከለኛ ዕድሜያቸው (ሚዲያን) 28 ዓመት ሲሆን ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች ናቸው። እርግዝና የደሙን መጠን ሲጨምር የጠበበ በር ያን ሁሉ ማሳለፍ ስለሚያቅተው፣ ይህ ዕድሜና ይህ ጾታ መገጣጠሙ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100ው ወደ 17 የሚጠጉት ሞተዋል። ይህን ቁጥር የሰጠን ክትትሉ እንጂ ካርዱ አይደለም።

በኢኮ የታየ ጠባሳ ሁሉ በሽታ አይደለም፣ ጤነኛ ልጅን ታማሚ ማለት ወላጅን ማሸበር ነው የሚል ተቃውሞ አለ። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። የኡጋንዳው ጎል ሙከራ መልሱን ያገኘው 818 ልጆችን ለሁለት ዓመት በመከታተል ነበር፦ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከተወጉት የባሰባቸው 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት ደግሞ 8.2 በመቶ ሆኑ። ካልተወጉትም አብዛኞቹ አለመባሳቸው ለተቃዋሚዎቹ ጥቂት ድጋፍ ይሰጣል፤ አሥር እጥፍ ልዩነት ግን ችላ አይባልም። መርፌው ራሱ ይገድላል የሚለው ፍርሃት በሐኪሞችም ዘንድ አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እንዳስገነዘበው፣ ከመርፌው በኋላ የደረሱ ድንገተኛ ሞቶች ብዙዎቹ ከአለርጂ ይልቅ በሩ ክፉኛ የተጎዳ ልብ መድከም የሚያስከትላቸው ይመስላሉ፤ ለእንዲህ ያሉት ታማሚዎች የሚዋጥ መድኃኒት ይታሰብ ብሏል። ማን መርፌ፣ ማን ኪኒን እንደሚሻ ለመለየትም የልቡ ታሪክ መታወቅ አለበት።

ወደ አዋቂዎቹ ስንመጣ፣ ደም ግፊት የከተሜ በሽታ ነው የሚለውን አባባል በ2015 የታተመ የጎንደርና የዳባት ጥናት አናግቶታል። ዕድሜያቸው 35ና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል በከተማ 30.7፣ በገጠር 25.3 በመቶው ግፊት ነበረባቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የተካሄደው ቴሰስ ኤችኤፍ የተባለው ጥናትም በልብ ድካም ሆስፒታል ከገቡት 1,006 ሰዎች 45 በመቶውን ለዚህ የዳረገው ግፊት መሆኑን አሳይቷል። የልብ ደም ሥር መደፈን 8 በመቶ እንኳ አልሞላም። የአውሮፓን መጽሐፍ ይዞ ለሚያክም ሐኪም ይህ ትልቅ ማሳሰቢያ ነው። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ግን መርማሪውን አይቶ ግፊቱ የሚወጣ ሰው ከእውነተኛው ታማሚ አይለይም።

በገጠር ክትትል አይቻልም፣ ገንዘቡም የለም ለሚሉ መልሱ ሩቅ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት የሕዝብ ጤና ክትትል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴም ለትራኮማ የተደረገ ሰፊ ሙከራ 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ መድቦ ልጆችን ተከታትሏል። ለዓይን የታደለው አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት የሕፃናትን ሞት መቀነሱ የታወቀው ተመልሶ የሚቆጥር ስለነበረ ነው። ገንዘቡ ከውጭ መጥቷል፤ መንገዱን፣ ቀበሌውንና ቆጣሪውን ግን ሙከራው ያገኘው እዚሁ ነው።

ሐይቁም የራሱን ጥያቄ ያቀርባል። በጣና ዳር ልጆች ላይ ቢልሃርዝያ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በብራዚል እንደታወቀው የትሉ እንቁላል ጉበትን ጎድቶ ወደ ሳንባ ሲሻገር የሳንባውን የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የልብ ቀኝ ክፍልም ይደክማል። በአንድ ቀን የሰገራ ምርመራ የትሉ እንቁላል ይታያል። ዓመታት ቆጥሮ የሚመጣው የልብ ድካም ግን የሚታየው ያ ልጅ አድጎ ዓሣ አስጋሪ ወይም ታንኳ ቀዛፊ ሲሆን እንደገና ለሚጎበኘው ብቻ ነው።