ሰንስክሪኑ ነጭነቱን የት ጣለው?

ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሁለቱም ነጭ ዱቄቶች ናቸው። ሁለተኛው እንዲያውም የግድግዳ ቀለምን፣ ወረቀትንና ብዙውን የጥርስ ሳሙና ነጭ የሚያደርገው ነው። ድሮ እነዚህን ዱቄቶች የያዘ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) የተቀባ ሰው ፊቱ አመዳም ሆኖ ይውል ነበር። የዛሬው ግን ጥቂት ሲያሹት ይጠፋል። ንጥረ ነገሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የቅንጣቱ መጠን ነው።

ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይሆናል፤ ናኖ የሚባሉት ቅንጣቶች ደግሞ ከ1 እስከ 100 ያሉት ናቸው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። ቅንጣቱ የዚህን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 200 ወይም 300 ናኖሜትር ሲሆን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ነጭ ሆኖ የሚታየን ይኸው የተበተነ ብርሃን ነው። ቅንጣቱ ከ100 በታች ሲወርድ የሚታየው ብርሃን ብዙም ሳይበተን ያልፋል። አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አያልፍም። ሁለቱ የማዕድን ዱቄቶች ጨረሩን አንጸባርቀው ይመልሱታል ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ ማስታወቂያውም እንዲያ ይላል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ግን ጨረሩን ውጠው ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው።

ችግሩ የተዋጠው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ አለመቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ ብርሃን ያረፈበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን ለመክፈል እንደሚረዳ አሳዩ። ብርሃን አግኝቶ አጠገቡ ያለውን ነገር የሚያፈራርስ ዱቄት ነው ማለት ነው። ሲደቅ ደግሞ ይብስበታል። ያልተወቀጠ ቡና ጀበና ውስጥ ቢጨምሩት ውሃው እምብዛም አይጠቁርም፤ ያው ቡና ሲወቀጥ ግን ውሃ የሚነካው ገጹ ስለሚበዛ ያለውን ሁሉ ይለቃል። ናኖ ማለት በብዙ ጎኑ ይኸው ነው፦ ያው ክብደት፣ እጅግ የበዛ ገጽ።

ይህ ጠባይ በአደባባይ የተጋለጠው አውስትራሊያ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው። ቆርቆሮ የሚመቱ ሠራተኞች ፀሐዩ ስለሚበረታባቸው ሰንስክሪን ይቀባሉ፤ በዚያው እጃቸው ቀለም የተቀባውን ቆርቆሮ ይይዛሉ። ከጊዜ በኋላ አዲሱ ጣሪያ ላይ የእጅና የጣት ቅርጽ ያላቸው የደበዘዙ ምልክቶች ብቅ አሉ። በ2008 የታተመው ምርመራ ጣቱን የቀሰረው በአንዳንድ ሰንስክሪኖች ውስጥ በነበረው አናቴዝ በሚባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት ላይ ነው። ቀለሙን ከተለመደው በብዙ እጥፍ ፍጥነት ሲበላው ተገኘ። መፍትሔው አስቸጋሪ አልነበረም። ሩታይል የተባለው ረጋ ያለ ዓይነት አለ፤ ቅንጣቱንም በሲሊካ ወይም በአሉሚና መለበጥ ይቻላል። ጥሩ አምራች ሁለቱንም ያደርጋል።

ታዲያ የቆርቆሮን ቀለም የበላው ዱቄት፣ ወይም አጋሩ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ቆዳችንን አልፎ ቢገባስ? በ2010 የማኳሪ ዩኒቨርሲቲው ብራያን ጉልሰንና ባልደረቦቹ ዚንኩን ለይቶ በሚያሳውቅ አይሶቶፕ ምልክት አድርገው ሲድኒ አካባቢ ባሕር ዳርቻ ላይ ለ5 ቀናት ፈቃደኞችን ቀቡ። ከተቀባው ዚንክ ጥቂት ደም ውስጥ ተገኘ። መጠኑ ግን ቀድሞ ደም ውስጥ ከነበረው ዚንክ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ከምግብም የምናገኘው ነው። ጤነኛ ቆዳ ላይ ያለ ቅባት እኔን ብዙም አያሳስበኝም። ስለ ናኖ ሲጠየቅ መቅደም ያለበት ጥያቄ በየት በኩል ይገባል የሚለው ይመስለኛል።

ሳንባ ሌላ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» ከሚላቸው ጋር የመደበው በዋናነት ዱቄቱን ሲተነፍሱ የኖሩ አይጦች ላይ በታየው ዕጢ ምክንያት ነው። አውሮፓ ውስጥም ናኖ የሆነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወደ ሳንባ ሊገባ በሚችል መልኩ፣ ለምሳሌ በስፕሬይ፣ እንዳይቀርብ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ የሚቀባውን ምረጡ፤ ስፕሬይ ከሆነ ደግሞ ልጅ ፊት ላይ አትርጩ። በአፍ የሚገባውም እንዲሁ ሌላ ሂሳብ አለው። ኢ171 በሚል ኮድ ማስቲካና ከረሜላ የሚያነጣው ይኸው ዱቄት ነው፤ ከቅንጣቶቹም ከፊሉ ናኖ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 በዘረመል ላይ ጉዳት እንደማያደርስ እርግጠኛ መሆን አልተቻለም አለ፤ በ2022 ከምግብ ታገደ። አሜሪካ ግን ከምግቡ ክብደት 1 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ትፈቅዳለች። የከረሜላ መጠቅለያ ላይ ኮዱን ፈልጉት፤ ከረሜላ ሳይነጣም ይጣፍጣል።

ታጥቦ የሚሄደውም አለ። ዚንክ ኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ዚንኩ ሲበዛ አልጌን ይጎዳል። የሃዋይ ግዛት በ2018 ባወጣችው ሕግ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ሁለት ኬሚካላዊ የጨረር ማጣሪያዎችን ስላገደች ገበያው ወደ ማዕድናቱ አዘንብሏል። ማዕድን መሆኑ ብቻ ግን ለውሃው ፍጥረት ዋስትና አይሆነውም።

ወደ እኛ ፊት እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ የደጋ አየር ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ አይቀዘቅዝም ማለት ነው። አልቢኒዝም ላለበት ሰው ሰንስክሪን የቁንጅና ዕቃ ሳይሆን ከቆዳ ካንሰር መከላከያ ነው፤ ለእሱ ፊት ላይ የማይታይ ቅባት ማለት በየቀኑ ሳይሸማቀቅ የሚቀባው ቅባት ማለት ነው። ማድያት ላለባት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ብርሃንም ያጠቁራል፤ ናኖው ደግሞ የሚያሳልፈው እሱኑ ነው። እሷ የምትፈልገው አይረን ኦክሳይድ ያለበትን፣ ቆዳ የሚመስል ቀለም የተጨመረበትን ነው።