ቬንትሌተሩን ከመለወጥዎ በፊት

አንባቢ ሆይ፤ አሮጌ ላዳ ያለዎት እንደ ሆነ ይህ ነገር ሳይደርስብዎት አልቀረም። ደኅና ስትሄድ የነበረችው መኪና መስቀል አደባባይ አጠገብ የመኪና ሰልፍ ሲይዛት፣ የሙቀቱ መርፌ ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል። ጥቂት ቆይቶም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ከኋላ ያለው ጥሩንባ ይነፋል፤ እርስዎም ጀሪካን ይዘው ውኃ ፍለጋ ይወርዳሉ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ያገለገለችው ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደች ስትሆን፣ የመጀመሪያዪቱ ቫዝ 2101 በቶልያቲ ከተማ መሠራት የጀመረችው በ1970 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የዚህችው መኪና ቬንትሌተር በውኃው ፓምፕ ላይ ታስሮ፣ በቺንጋ እየተጎተተ ከሞተሩ ጋራ ይዞራል። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲዘገይ ይዘገያል። መኪናዪቱ ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርድላታል። ቆማ ስትጠብቅ ግን፣ ማለት ቬንትሌተሩ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ እርሱ ያንቀላፋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ግን ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ግድ የለውም፤ ውኃው ሲሞቅ ይነሣል፣ ሲበርድ ያርፋል።

ይሁን እንጂ ከደመወዝዎ ቆርጠው ከመግዛትዎ በፊት በሽታውን ይለዩ። መኪናዎ ስትቆም ሞቃ ስትሄድ የምትበርድ ከሆነ፣ የጎደላት ነፋስ ነውና አዲሱ ቬንትሌተር ይረዳታል። በሜዳ መንገድ ስትሮጥም የምትሞቅ ከሆነ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ምናልባት ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኗል፣ ቴርሞስታቱ አልከፈት ብሏል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል።

ደግሞ የአገራችንን ከፍታ አይርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ ውኃ በምድጃ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ያለቀ እንደ ሆነ፣ በ92 ዲግሪ የሚነሣ ቬንትሌተር የሚደርሰው ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ክዳኑን ያስመርምሩ፤ ዋጋውም ከቬንትሌተር እጅግ ያነሰ ነው።

ይህን ሁሉ አይተው ለመግጠም ከቆረጡ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ይብረድ፤ የባትሪውም ነጌቲቭ ሽቦ ይፈታ። አሮጌው ቬንትሌተር ሲወልቅ ቺንጋው አይጣልም፤ ፓምፑንና ጀነሬተሩን የሚያዞር እርሱ ነውና። አዲሱ ከራዲያተሩ ኋላ ቢታሰር ነፋሱን ይስባል፣ ከፊት ቢታሰር ይገፋል፤ በሁለቱም ቦታ ነፋሱ ወደ ሞተሩ መሄድ አለበት። ይህንንም በአንድ ቁራጭ ወረቀት ሊፈትኑት ይችላሉ። ኤሌክትሪኩ በቂ ውፍረት ባለው ሽቦ፣ በፊውዝና በሪሌ በኩል ይለፍ፤ በቀጭን ሽቦ ያለ ፊውዝ የተሠራ ሥራ መኪናን ያቃጥላል። ከዚያም ወዲያ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ቬንትሌተሩ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል፣ ጣትዎን ያርቁ።

በመጨረሻ መኪናዎን በቆመችበት ሞተሩን አስነሥተው ይጠብቁ። መርፌው ወጥቶ፣ ቬንትሌተሩ ተነሥቶ፣ መርፌው ከተመለሰ፣ ጀሪካኑን ለቤት ሥራ ሊመልሱት ይችላሉ።