ምድጃው ሲሠራ ጋጋሪዋ ተጠይቃለች?

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማዕድ ቤት ገብቶ አንድ እንጀራ እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን ሳያሽ መቆም የሚችል ወንድ ከመካከላችን ስንት ይገኛል? ጭሱን የለመደችው እናት ብቻ ናት። ለመደችው ስንል ግን ዓይኗና ሳንባዋ ለመዱት ማለታችን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ ማብሰያ ጭስ ጋር በተያያዘ ሞተዋል።

ጉዳቱ በጭሱ አያበቃም። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ምጣዱን ሳይነካ በጎን ያመልጣል። በመካነ ኢየሱስም ሆነ በጋይንትና በስማዳ ደጋ፣ ባሕር ዛፉ ሲያጥር ተራው የኩበት ነው፤ ኩበቱ ደግሞ ለማሳው ፍግ መሆን የነበረበት ነው። ከሚበቅለው በላይ ዛፍ እየተቆረጠ ሲነድም አየሩን በካርቦን ጋዝ ይሞላል።

ለዚህ ችግር አገራችን ያገኘችው መልስ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ምድጃውን ሲያወጡ፣ ናሙናውን ለቤት እመቤቶች እየሰጡ አስጋግረውበታል፤ የሰሙትንም ይዘው አሻሽለውታል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፋል። ከበስተኋላው ጭስ የሚወጣበት ቦታ ድስት ስለሚያስቀምጥ፣ እንጀራው ሲጋገር ወጡ በትርፉ ሙቀት ይሞቃል። ጋጋሪዋ ሁለት ሥራ በአንድ እሳት እንደምትሠራ ያላወቀ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም በዚያው ዘመን የወጣ ነው፤ ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል።

ይሁን እንጂ በሙከራ ክፍል የተለካው ሁሉ ማዕድ ቤት ሲገባ እንደዚያው አይገኝም። ምርጥ ምድጃ እንጨቱን በግማሽ ይቀንሳል ሲባል ቆይቷል። በአገራችን ባለሞያ ሴቶች ራሳቸው እየጋገሩበት ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልል ገጠሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ቤተሰብ በዓመት 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ጋዝ እንደሚያስቀር ገልጿል። ከተወራው ያንሳል፤ ሆኖም ለሸክም ጀርባዋን ለምታጎብጥ እህት 634 ኪሎ ቀላል አይደለም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? እኛ እንደሚመስለን ከፊሉ መልስ በማዕድ ቤቱ ውስጥ ነው። የምድጃው አፍ ጠባብ ስለሆነ ረጅሙ ግንድ ተፈልጦ መግባት አለበት፤ መጥረቢያውን የሚያነሳው ማን ነው? የምጣዱ ስፋት ከምድጃው ጋር ካልገጠመ ሙቀቱ በክፍተቱ ይወጣል። ከጉና ብርድ በታች ለሚኖር ቤተሰብም እሳት መጋገሪያ ብቻ ሳይሆን መሞቂያም ነው፤ እሳቱን የሚሸፍን ምድጃ ይህንን ይነሳዋል። እነዚህን የምታውቀው ጋጋሪዋ ናት፤ በብዙ ቤት ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ምድጃውን የሚገዛው አባወራው ነው።

ዋጋም እንዲሁ ነው። ሲሚንቶ ሲወደድ ምድጃውም ይወደዳል። በዚህ ምክንያት የግድግዳው ውፍረት ከ6 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የተቀነሰ «ቀጭን ምርጥ» ወጥቷል። ክብደቱም ስለቀነሰ ማጓጓዙ ቀሏል።

ረመዷን ሲገባ ለኢፍጣርና ለሱሑር እሳቱ በቀን ሁለቴ ይነድዳል። ምድጃ ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ከዚያ በፊት የምጣዱን ስፋት ለክቶ፣ ጋጋሪዋን እናትም ሆነች እህት ይዞ ወደ ሠሪው ቢሄድ መልካም ነው። ሠሪው ሲሚንቶውን ከመቅረጹ በፊት የምትለውን ቢሰማ ይጠቀማል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ማስተካከያ የለውም።