የጤና ጣቢያ መዝገብ የማይቆጥራቸው ሕሙማን

ማጀቴ፦ የአባላዘር በሽታ በአካባቢያችን ምን ያህል ተስፋፍቷል ለሚለው ጥያቄ ምላሽ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ከጤና ጣቢያ መዝገብ ነው። መዝገቡ የሚናገረው ግን ወደዚያ ስለመጡት ሰዎች ብቻ ነው። ማሾ አምራቹ የይፋት ገበሬ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ብልህ ነጋዴ ከጆንያው አፍ በዘገነው እፍኝ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም፣ መሐሉንም ይፈትሻል።

ለሕክምና የሚመጣው ምልክት ያየ ሰው በመሆኑ፣ በታካሚዎች መካከል የበሽታው ድርሻ ከኅብረተሰቡ ከፍ ብሎ ይታያል። በአንጻሩ ብዙዎች ከነጭራሹ አይቆጠሩም። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምልክት አያዩም። የቂጥኝ የመጀመሪያው ቁስል አያምም፣ በሳምንታት ውስጥም ያለ ሕክምና ይደርቃል፤ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ሲዘነጋው ተሕዋሲው በሰውነቱ ይቀራል። ይሉኝታም አለ። ጎረቤት በሚያይበት ተራ ከመያዝ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ መዋጥ የሚቀናቸው ጥቂት አይደሉም። ይህ ልማድ አደገኛ ነው፤ ቀድሞ ጨብጥን ያድን የነበረው ሲፕሮፍሎክሳሲን በብዙ የዓለም ክፍሎች ኃይሉን አጥቷል።

በሀገራችን ጤና ጣቢያዎች ሕክምናው በአብዛኛው ምልክትን መሠረት ያደረገ ነው። ፈሳሽ፣ የብልት ቁስል ወይም የብሽሽት እብጠት ያለበት ሰው ለምልክቱ መንሥኤ ሊሆኑ ለሚችሉት ተሕዋስያን በዕለቱ መድኃኒት ይሰጠዋል። ታካሚውን ከመመላለስ ያድነዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን የሚሰፍረው ምልክቱ እንጂ የተሕዋሲው ስም አይደለም። የሴቶች ፈሳሽ ሁሉ ደግሞ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት የመጣ አይደለም።

ወደ ጆንያው መሐል የሚያቀርበን የነፍሰ ጡሮች ምርመራ ነው። እነርሱ የሚመጡት ታመው ሳይሆን ለእርግዝና ክትትል ነው፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ ይመረመራሉ። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንሱን ሊገድል ይችላል። በጊዜ የተደረሰበትን ግን አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያድነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 374 ሚሊዮን አዳዲስ የክላሚዲያ፣ የጨብጥ፣ የቂጥኝና የትራይኮሞናስ ሕመሞች ተከስተዋል። አራቱም ይድናሉ።

በእኛ ቆላ ጣት የሚቀሰረው በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በሚያድሩ ሾፌሮች፣ እንዲሁም ለአጨዳ በሚመጡ የቀን ሠራተኞች ላይ ነው። ማሾውን ሸጦ ከተማ ያደረው ባለ ትዳርም ግን ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚያው መንገድ ነው። ሚስት ብቻዋን ታክማ ባል ከቀረ በሽታው መልሶ ይይዛታል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው መታከም፣ መድኃኒቱን መጨረስና ባለሙያው እስኪፈቅድ ከግንኙነት መታቀብ ይኖርባቸዋል።