ዘንገና ክላስ ነው ወይስ ኦብጀክት?

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ አለ፤ ዘንገና። እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ በመሆኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። ከእሱ በስተሰሜን ያለው ጣና ደግሞ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ሳለ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ በመልክም በአፈጣጠርም አይገናኙም። ስለ ሁለቱም የምንጠይቀው ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ስሙ ማን ነው? የት ይገኛል? ምን ያህል ይሰፋል? ምን ያህል ይጠልቃል? በፕሮግራሚንግ ክላስ የሚባለው እነዚህን ጥያቄዎች ይይዛል፤ ኦብጀክት የሚባለው መልሶቹን።

ይህ አከፋፈል ለምን እንዳስፈለገ የሚገባን ያለ እሱ ለመሥራት ስንሞክር ነው። የአገራችንን ሐይቆች የሚመዘግብ ፕሮግራም እንጽፋለን እንበል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዝርዝር ያዘጋጃል፤ አንዱ የስም፣ አንዱ የስፋት፣ አንዱ የጥልቀት። በስም ዝርዝሩ ሦስተኛው ዘንገና ከሆነ፣ በጥልቀት ዝርዝሩም ሦስተኛው ቁጥር የእሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ስሞቹ በፊደል ተራ ይደረደሩና የጥልቀቱ ዝርዝር እንደነበረ ይቀራል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ተሳስተሃልም አይልም፤ ጣናን 166 ሜትር ጥልቅ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ከሚታይ ስህተት ይልቅ እንዲህ ያለው ድምፅ አልባ ስህተት ይከፋል፣ ማንም ሳያየው ሪፖርት ውስጥ ይገባልና።

ክላስ የዘንገናን ስም፣ ስፋትና ጥልቀት አንድ ላይ ያስራቸዋል። «ሐይቅ» የሚል ክላስ ስንጽፍ እያንዳንዱ ሐይቅ ምን ምን መረጃ እንደሚይዝና ምን ማድረግ እንደሚችል አንድ ጊዜ እንወስናለን። መረጃዎቹ አትሪቢዩት፣ ድርጊቶቹ ሜተድ ይባላሉ። ክላሱን ጽፈን ስንጨርስ ግን ገና አንድም ሐይቅ የለንም። ሐይቅ የሚገኘው ክላሱን ጠርተን የዘንገናን ስምና ቁጥሮች ስንሰጠው ነው፤ እነዚህን ተቀብሎ አዲሱን ኦብጀክት የሚያሰናዳው ክፍል ኮንስትራክተር ነው። በዚያው ክላስ ጣናን፣ በአዊ ዞን ያለውን ጥርባን፣ ወንጪንና ሻላን እየፈጠርን መቀጠል እንችላለን። እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ የአንዱ መለወጥ ሌላውን አይነካም። አሁን ሐይቆቹን እንደፈለግን ብንደረድራቸውም ዘንገና ጥልቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ዘንገና ክላስ አይደለም፤ ኦብጀክት ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ዘንገና» የሚል ክላስ፣ ቀጥሎ «ጣና» የሚል ክላስ፣ ቀጥሎ «ሻላ» የሚል ክላስ ይጽፍና አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ልዩነቱ በቁጥር ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው አንድ ክላስና ሦስት ኦብጀክት ነው።

ከባዱ ሥራ ግን ምን እንጠይቅ የሚለው ነው። የውኃ ተመራማሪ ጥልቀትና ሙቀት ይፈልጋል። የቱሪዝም ባለሙያ ከዋናው መንገድ ያለውን ርቀትና በዓመት የመጣውን ጎብኚ ይፈልጋል። ደን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከውኃው ይልቅ በዙሪያው ስላለው ዛፍ ይጠይቃል። ሦስቱም ስለዚያው ዘንገና ነው የሚያወሩት፤ የሚጽፉት ክላስ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ክላስ የሐይቁ ሙሉ ምስል ሊሆን አይችልም፤ ለሥራችን የሚጠቅመውን መርጠን ሌላውን የምንተውበት ውሳኔ ነው። በእኔ እምነት ይህን ውሳኔ በወረቀት ላይ ሳይጨርሱ ኮምፒውተር መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

ሜተድን የምወደው መረጃውን ስለሚጠብቅ ነው። ማንም ሰው የዘንገናን ጥልቀት በቀጥታ መለወጥ ከቻለ፣ አንድ ቀን 166 ከዜሮ በታች ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። «ጥልቀት መዝግብ» የሚል ሜተድ ጽፈን የሚገባው ቁጥር ሁሉ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ካደረግን ግን የማይሆነውን ቁጥር በር ላይ ይመልሰዋል። ይህ ኢንካፕሱሌሽን ይባላል። ጃቫ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፕራይቬት (private) ወደተባለ መረጃ በቀጥታ መግባትን በሕግ ይከለክላል፤ ፓይተን የተባለው ግን የተከለለውን ስም በታች ሰረዝ (_) አስጀምሮ ቀሪውን ለጸሐፊው ጨዋነት ይተዋል። ሜተዱ የሚጻፈው በክላሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የትኛውን ሐይቅ እንደሚመለከት የሚያውቀው በየትኛው ኦብጀክት በኩል እንደተጠራ በማየት ነው፤ ለዚህም ፓይተን ውስጥ ሰልፍ (self)፣ ጃቫ ውስጥ ዚስ (this) የሚባለው ቃል ያገለግለዋል።

አንድ ነገር ላክል። ለዘንገና ኦብጀክት ሁለተኛ ስም ብናወጣለት ሁለተኛ ሐይቅ አልቆፈርንም። በአንዱ ስም በኩል ጥልቀቱን ብንለውጥ በሌላውም በኩል ተለውጦ እናገኘዋለን። ጀማሪዎችን ያለ እንቅልፍ ከሚያሳድሩ ስህተቶች አንዱ ከዚህ ይመነጫል፤ ቅጂ የያዙ መስሏቸው ዋናውን ያበላሻሉ።

ሐሳቡ የተወለደው ኖርዌይ ውስጥ ነው። ኦለ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ በኦስሎው የኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ሲሠሩ፣ እንደ መርከብና ወረፋ ያሉ ብዙ ነገሮች እየተገናኙ የሚንቀሳቀሱበትን ሁኔታ በኮምፒውተር ማስመሰል ፈለጉ። አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሁኔታ ያለው ብዙ ነገር መፍጠር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት ሲሙላ የተባለው ቋንቋ ክላስን ይዞ መጣ፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራቸው የ2001 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጣቸው። አለን ኬይና ባልደረቦቹ በዜሮክስ ኩባንያ ስሞልቶክን፣ ቢያርነ ስትሮስትሩፕ ሲ ፕላስ ፕላስን፣ ጄምስ ጎስሊንግ ጃቫን ሠርተው ሐሳቡን ዓለም አቀፍ አደረጉት።

በአማርኛ ለምናስብ ሰዎች ደግሞ ደስ የሚል ዕድል አለ። ፓይተን 3 እና ጃቫ የክላስ፣ የኦብጀክትና የሜተድ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳሉ። የቋንቋዎቹ የራሳቸው ቁልፍ ቃላት በላቲን ይቀራሉ እንጂ «ሐይቅ» ብሎ ክላስ መጻፍ፣ «ዘንገና.ጥልቀት» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ይሠራልም። ተማሪ ሐሳቡን እስኪጨብጥ ድረስ እንዲህ ቢለማመድ እመክራለሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያሻል፤ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ክላሱን በሐመሩ ሐ ሰይሞ በሃሌታው ሀ የጠራ ሰው የማይታወቅ ስም ጠራህ ይባላል።

ክላስ ከክላስ መውረስም ይችላል። «የእሳተ ገሞራ ሐይቅ» የሚል ክላስ ከ«ሐይቅ» ወርሶ የጉድጓዱን ስፋት የሚይዝ አትሪቢዩት ሊጨምር ይችላል፤ ዘንገና ከዚህ ይፈጠራል። ውርስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ እኔ ግን ጀማሪ ባይቸኩልበት እላለሁ። ለሐይቆቻችን መዝገብ ይበልጥ የሚጠቅመው አንድ ኦብጀክት ሌሎችን በውስጡ መያዙ ነው። የውኃ መጠን ከክረምት ወደ በጋ ይለዋወጣል፤ ጥልቀትም አንድ ቀን፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ መሣሪያ የተለካ ነው። ስለዚህ «ልኬት» የሚል ሌላ ትንሽ ክላስ ይጻፍ፤ ቀኑን፣ መሣሪያውንና የተገኘውን ቁጥር ይያዝ። የዘንገና ኦብጀክትም አንድ ቁጥር በመያዝ ፈንታ የልኬቶች ዝርዝር ይያዝ። ያኔ ጥልቀቱን ስንጠይቀው የመጨረሻውን ልኬት ከነቀኑ ይሰጠናል፤ የቀደሙትም ሳይጠፉ ይቆያሉ።